የሚያበራ ቀለምና በአፍንጫ በኩል የሚወጣ ዕጢ



ለሩኩዕ ጎንበስ፣ ለሱጁድ ዝቅ ባለ ቁጥር ከአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳው ብቻ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ጠብ ጠብ የሚልበት ሰው ብናይ አብዛኞቻችን «ጉንፋን ይዞታል» ብለን እናልፋለን። በገበያ መሃል ሲሄድ በግራም በቀኝም ያለውን ሰው በትከሻው እየገጨ የሚያልፍ ሰው ብናይ ደግሞ «ልቡ እዚህ የለም» እንላለን። ብዙ ጊዜ እንዳልነው ይሆናል። አንዳንዴ ግን የሁለቱም ምክንያት ከአንጎል በታች፣ ከአፍንጫ በስተጀርባ ባለው የራስ ቅል ወለል ላይ ይገኛል።

በዚህ እትም ስለዚያ ቦታ እንነጋገራለን። በተለይ ሐኪሞች እዚያ የበቀለን ዕጢ በአፍንጫ በኩል ገብተው ሲያወጡ ዕጢውን ከጤነኛው አካል ለመለየት ስለሚጠቀሙባቸው የሚያበሩ ቀለሞች እናብራራለን። እኛ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ይሁንና የዚህ ሕክምና ግማሹ የብርሃን፣ የሌንስና የፊልተር ጉዳይ ስለሆነ እኛም የምንለው አለን።

ቦታው የት ነው?

በመጀመሪያ ስለ አንድ ቃል እንስማማ። በአማርኛ «ዕጢ» ስንል ሁለት ነገር እንጠራለን፤ አላህ ሆርሞን እንዲያመነጭ የፈጠረውን ጤነኛ አካልም፣ ያለ አግባብ ያደገውን እብጠትም በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። በዚህ ጽሑፍ «ዕጢ» የምንለው እብጠቱን ብቻ ነው። ጤነኛዋን አካል በስሟ ፒቱታሪ እንላታለን።

ፒቱታሪ የአተር ፍሬ የምታህል ናት። የምትቀመጥበትን አጥንት የአካል አጥኚዎች ቅርጹን አይተው «የቱርክ ኮርቻ» ብለውታል። የለጋምቦንና የሰይንትን ፈረሰኛ ለሚያውቅ ሰው ቅርጹን መገመት አያስቸግረውም፤ ከፊትና ከኋላ ከፍ ያለ፣ መሃሉ ጎድጎድ ያለ ነው። ይህች ትንሽ አካል የቁመት ዕድገትን፣ የወር አበባን፣ የጡት ወተትንና የሌሎች ሆርሞን አመንጪ አካላትን ሥራ ታዛለች። በግራና በቀኟ፣ በሚሊሜትር በሚቆጠር ርቀት፣ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ሁለቱ ካሮቲድ የደም ቧንቧዎች ያልፋሉ። ከበላይዋ ደግሞ ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች የሚገናኙበት መጋጠሚያ አለ።

ከፒቱታሪ የሚነሣ ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ከቦታው ነው። ወደ ላይ ሲያድግ የዓይን ነርቮችን መጋጠሚያ ይጫናል። እዚያ ላይ የሚሻገሩት የነርቭ ክሮች የዳር እይታን የሚሸከሙ ስለሆኑ ሰውየው ፊት ለፊቱን እያየ የግራና የቀኝ ዳሩን ቀስ በቀስ ያጣል። አንዳንዱ ዕጢ ደግሞ ራሱ ሆርሞን ያመነጫል። አዋቂ ሰው ጫማውና ቀለበቱ እየጠበበው ሊመጣ ይችላል፤ ሴት ልጅ ሳታረግዝ የወር አበባዋ ሊቀርና ከጡቷ ወተት ሊወጣ ይችላል።

ድሮ እዚህ ቦታ ለመድረስ የራስ ቅልን መክፈት ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ብዙው በአፍንጫ በኩል ይሠራል። ወደ 4 ሚሊሜትር ውፍረትና 18 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ኢንዶስኮፕ የተባለ ቀጭን ዘንግ፣ ብርሃን ይዞና ካሜራ ተገጥሞለት፣ በአፍንጫ ቀዳዳ ይገባል። ከአፍንጫ ጀርባ ያለውን ስፌኖይድ የተባለ በአየር የተሞላ ክፍተት አልፎ ከኮርቻው አጥንት ሥር ይደርሳል። አጥንቱ በጥንቃቄ ይሳሳል፤ ሽፋኑ ይከፈታል፤ ዕጢው በረጃጅም ቀጫጭን መሣሪያዎች ተቆንጥሮ ይወጣል። ፊት ላይ ጠባሳ አይኖርም፤ አንጎልን ገፍቶ መግባትም አያስፈልግም።

ዓይን ብቻውን ለምን አይበቃም?

ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የኤምአርአይ ምስል አለው። ምስሉ ግን ዕጢው ሳይነካ በፊት የተነሣ ነው። ግማሹ ከወጣ በኋላ የቀረው ይሸሻል፣ ይጣጠፋል፣ በደም ይሸፈናል። ዕጢው ብዙ ጊዜ ለስለስ ያለና ግራጫ ቀመስ፣ ፒቱታሪ ደግሞ ጠንከር ያለችና ወደ ቢጫ ያዘነበለች ናት። በትልቅ ዕጢ ጊዜ ግን ፒቱታሪ ተጨፍልቃ እንደ ስስ ልጣጭ ዳር ላይ ትለጠፋለች። ያን ጊዜ ሁለቱን መለየት ለሠለጠነ ዓይንም ይከብዳል።

ስህተቱ በሁለቱም በኩል ዋጋ ያስከፍላል። ዕጢው ተርፎ ከቀረ ተመልሶ ያድጋል። ፒቱታሪ አብራ ከወጣች ደግሞ ታማሚው ዕድሜ ልኩን ሆርሞን በመድኃኒት እየተካ ይኖራል፤ ሽንቱ ከመጠን በላይ የሚበዛበት፣ ውሃ ጥም የማይለቀውም አለ። ስለዚህ ጥያቄው «የቱን ላንሣ?» ብቻ አይደለም፤ «የቱን ልተው?» የሚለውም እኩል ከባድ ነው።

ቀለም እንዴት ያበራል?

ባንክ ቤት የብር ኖት በሐምራዊ መብራት ሥር ሲፈተሽ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። በተራ ብርሃን የማይታይ ምልክት በመብራቱ ሥር ቦግ ይላል። ምልክቱ የራሱ መብራት የለውም። ጉልበት ያለውን ብርሃን ይውጥና ከጉልበቱ ጥቂቱን በሙቀት መልክ አጥቶ፣ ቀሪውን የሞገድ ርዝመቱ በረዘመ ሌላ ቀለም መልሶ ይተፋዋል። ሰማያዊ ውጦ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ውጦ ቀይ ይመልሳል። ፍሎረሰንስ የሚባለው ይህ ነው።

የኢንጂነሪንጉ ጣጣ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ከተላከው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደካማ ነው። የተላከው ሰማያዊ ብርሃን ከእርጥቡ ሥጋ ላይ ነጥሮ ወደ ካሜራው ከገባ ደካማውን አረንጓዴ ይውጠዋል። ስለዚህ ከካሜራው ፊት የተላከውን ቀለም የሚያግድ፣ የተመለሰውን ብቻ የሚያሳልፍ ፊልተር ይቀመጣል። እንግዲህ ቀለም መርጨት ብቻውን ምንም አያሳይም። መብራቱ፣ ፊልተሩና ካሜራው ለአንድ ቀለም ተስማምተው መሠራት አለባቸው። በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ዘንግ ደግሞ የሚያልፈው ብርሃን ትንሽ ነው፤ ወደ ዕጢው በቀረቡ ቁጥር ይደምቃል፣ በራቁ ቁጥር በፍጥነት ይደበዝዛል።

ሌላም ነገር አለ። ማታ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ በመዳፋችሁ ብትሸፍኑት በሌላው በኩል የሚወጣው ብርሃን ቀይ ነው። ደም ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ይውጠዋል፤ ቀዩ ግን ያልፋል። ከቀይ ያለፈው፣ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ደግሞ ይበልጥ ያልፋል። በአረንጓዴ የሚያበራ ቀለም የሚታየው ላዩ ላይ ያለው ብቻ የሆነው፣ በኢንፍራሬድ የሚያበራው ግን ከስስ ሽፋን ሥር ሆኖም የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ ስናጠና በመድረሳ ስሙን የሰማነው ኢብኑል ሀይሠም ትዝ ይለናል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው «ኪታቡል መናዚር» ማየት የሚሆነው ብርሃን ከዕቃው ወደ ዓይን ሲመጣ እንጂ ከዓይን ወደ ዕቃው ሲወጣ አለመሆኑን አስረድቷል። የዛሬው ሐኪም በካሜራው የሚጠብቀውም ያንኑ ከዕቃው የሚመጣ ብርሃን ነው።

ዋና ዋናዎቹ ቀለሞች

አንደኛው ፍሎረሲን ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ፎን ባየር እ.ኤ.አ. በ1871 ሠራው። ሰማያዊ ብርሃን ውጦ ወደ 520 ናኖሜትር አካባቢ አረንጓዴ ይመልሳል። በአንጎል ዕጢ ላይ በ1940ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ሚኒሶታ ጆርጅ ሙር ሞክሮታል። በአገራችን የዓይን ክሊኒኮችም አዲስ አይደለም፤ ዓይኑ የተጫረ ሰው ሲመጣ ዓይኑ ላይ የሚነካው ቢጫ ቀለም፣ በሰማያዊ መብራት ጭረቱን አረንጓዴ አድርጎ የሚያሳየው እሱ ነው። በደም ሥር ሲሰጥ የአንጎል የደም ቧንቧዎች ጤነኛ ሲሆኑ አያስወጡትም፤ ዕጢ ያፈረሰው ግድግዳ ግን ያንጠባጥበዋል፣ ዕጢውም ይቀልማል። ከተሰጠ በኋላ ቆዳና ሽንት ለአንድ ቀን ያህል ቢጫ ስለሚሆን ታማሚው እንዳይደነግጥ አስቀድሞ ይነገረዋል። አልፎ አልፎም አለርጂ ያስከትላል።

ሁለተኛው ኢንዶሲያኒን ግሪን ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የልብንና የጉበትን ሥራ ለመለካት ያገለግል ነበር። 800 ናኖሜትር አካባቢ ውጦ 830 አካባቢ ይመልሳል፤ ሁለቱም ለዓይናችን የማይታዩ ስለሆኑ ልዩ ካሜራ ይፈልጋል። አዮዲን ስላለበት የአዮዲን አለርጂ ያለበት ሰው ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ሦስተኛው አሚኖሌቩሊኒክ አሲድ ነው። ይህ በራሱ አያበራም። ታማሚው ከማደንዘዣው 3 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይጠጣዋል፤ የዕጢው ሴሎች ወደ ፕሮቶፖርፊሪን ይለውጡትና በሐምራዊ ሰማያዊ ብርሃን ሥር ቀይ ያበራል። ዋልተር ሽቱመርና ባልደረቦቹ በጀርመን ያካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናት የሚታይ ዕጢ ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው በቀለሙ ከታከሙት 65 በመቶ፣ በተራ ብርሃን ከታከሙት 36 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ጥናት ግን ግሊዮማ በተባለ የአንጎል ካንሰር፣ የራስ ቅል ተከፍቶ በተሠራ ቀዶ ሕክምና ላይ ነበር። በራስ ቅል ወለል ላይ ከሚገኙት ውስጥ ከአንጎል ሽፋን የሚነሣው ሜኒንጂዮማ ብዙ ጊዜ በዚህ ቀለም ያበራል፤ የፒቱታሪ ዕጢ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያበራም። ይህን የጠጣ ሰው ለ24 ሰዓት ያህል ከፀሐይና ከኃይለኛ መብራት መራቅ አለበት፤ ቆዳው ይቃጠላል።

አዳዲሶቹ ደግሞ ዕጢውን ፈልገው የሚጣበቁ ናቸው። ፓፎላሲያኒን የተባለው ቀለም ፎሌት የሚቀበሉ ሴሎችን ይዞ ያበራል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ለእንቁልጢ፣ በ2022 ደግሞ ለሳንባ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተፈቅዷል። ሆርሞን የማያመነጩ ብዙ የፒቱታሪ ዕጢዎች ይህን ተቀባይ በብዛት ስለሚይዙ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በአፍንጫ በኩል በሚሠራው ቀዶ ሕክምና ሞክረውታል።

ያበራው የቱ ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ አለ። «ቀለም ይረጫል፣ ዕጢው ያበራል፣ ያበራው ይቆረጣል» ብሎ የሚያስብ ተሳስቷል። ፒቱታሪ ከአንጎል የደም ግድግዳ ውጭ ናት፤ ጤነኛ ሆናም ቀለም ታስገባለች። እንዲያውም ደም የሚበዛባት እሷ ናት። ኢንዶሲያኒን በደም ሥር በተሰጠ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቀድመው የሚያበሩት ካሮቲዶቹና ጤነኛዋ ፒቱታሪ ናቸው፤ ዕጢው ብዙ ጊዜ ከእነሱ ጨለም ብሎ ይታያል። በዚያች ሰዓት ብርሃኑ ለሐኪሙ የሚለው «እዚህ አትንካ» ነው።

ያው ቀለም በብዙ መጠን፣ ከቀዶ ሕክምናው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ከተሰጠ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ዝናብ ካባራ በኋላ ሜዳው ደርቆ ጎድጓዳው ውሃ ይዞ እንደሚያድር ሁሉ፣ ጤነኛው አካል ቀለሙን በጉበት በኩል አስወግዶ ሲያበቃ ቧንቧው የሚያፈስሰውና መውጫ የሌለው ዕጢ ይዞት ያድራል። አሁን የሚያበራው ዕጢው ነው። ቀለሙ አንድ፣ ቦታው አንድ፣ ሰዓቱ ግን የተለያየ ስለሆነ ትርጉሙ ተቃራኒ ሆነ።

በዚያ ላይ የፈሰሰ ደም ቀለሙን ይዞ ያበራል፤ የአንጎል ሽፋንም ያበራል፤ በደም የተሸፈነ ዕጢ ደግሞ ሳያበራ ይቀራል። ስለዚህ ቀለሙ ምስክር ነው፤ ፈራጁ የአካሉን አቀማመጥ የሚያውቀው ሐኪምና ናሙናውን የሚያየው ፓቶሎጂስት ነው።

ምንጩን መፈለግ

እ.ኤ.አ. በ1877 ሰዎች 10 ኪሎ ያህል ፍሎረሲን ዳኑብ ወንዝ ወደ መሬት በሚሰርግበት ቦታ ጨመሩ። ከሁለት ቀን በላይ ቆይቶ ከኪሎሜትሮች ርቀት ላይ ያለ ምንጭ አረንጓዴ ሆኖ ፈለቀ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ታወቀ።

መጀመሪያ ላይ ያነሣነው ከአንድ አፍንጫ የሚንጠባጠብ የጠራ ፈሳሽም እንዲሁ ይፈለጋል። አንጎል በውሃ ውስጥ ነው ያለው። በአደጋ፣ በዕጢ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የራስ ቅል ወለል ከተሸነቆረ ያ ውሃ በአፍንጫ ይወርዳል፤ ጎንበስ ሲባል ይብሳል። ቀዳዳው ማጅራት ገትር ሊያስገባ ስለሚችል የሚናቅ አይደለም። ሐኪሞች በጣም ጥቂት መጠን ያለው ፍሎረሲን በወገብ በኩል ወደዚሁ ውሃ ያስገቡና በኢንዶስኮፕ አረንጓዴው የሚወርድበትን ቦታ ፈልገው ይደፍኑታል። መጠኑ ከበዛ የሚጥል ሕመም ስለሚያመጣ በጥንቃቄ ብቻ ይሠራል። የሚደፈነውም ብዙ ጊዜ ከአፍንጫው ውስጥ ከደም ሥሩ ጋር ተገልብጦ በሚመጣ ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ ደም እያገኘ መሆኑን ኢንዶሲያኒን ያሳያል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለ ውዱእና ሰላት

ይህ ለእኛ በተለይ ያስፈልጋል። በአፍንጫ በኩል የታከመ ሰው ለሳምንታት አፍንጫውን እንዳይናፈጥ፣ እንዳያምጥ፣ ከባድ እንዳያነሣ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ እንዳይጎነበስ ይነገረዋል። ሲያስነጥስ አፉን ከፍቶ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተደፈነው ቦታ ገና አልጠናም፤ ግፊቱ ይከፍተዋል።

ውዱእ ላይ ውሃ ወደ አፍንጫ ስቦ ማስወጣት እና ሱጁድ መውረድ ሁለቱም ከዚህ ጋር ይጋጫሉ። ሰላቱ አይቀርም፤ የታመመ ሰው ግን ተቀምጦ፣ ለሩኩዕና ለሱጁድ በምልክት እያመለከተ መስገድ እንደሚችል በቁርኣን ቤት ሁላችንም ተምረናል። የገላ ትጥበቱንና የቀሪውን ዝርዝር ዑለማዎቻችንን እንጠይቅ፤ ክልከላው ስንት ሳምንት እንደሆነ ደግሞ ሐኪሙን። ዘመድ የሆነ ታማሚ «ለአላህ ብዬ» ብሎ ሱጁድ ቢወርድ ድርቅናው ኢባዳ ሳይሆን ጉዳት እንደሚሆን በትሕትና ማስረዳት የእኛ የተማሩት ልጆች ሥራ ነው።

በአገራችንና በአካባቢያችን

በኢትዮጵያ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ለረጅም ዘመን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱና ብዙዎች «ኮሪያ ሆስፒታል» የሚሉት ሚዮንግሰንግ በሥልጠናው ይታወቃሉ። ከዚያ ወዲህ ለዚህ ሕመም ወደ ውጭ ከመሄድ በቀር መላ የለም የሚባልበት ጊዜ አልፏል።

ለእኛ አካባቢ ሰው ግን ከወግዲ፣ ከቦረና ወይም ከሰይንት ተነሥቶ፣ በመካነ ሰላምና በአቀስታ አድርጎ ደሴ፣ ከዚያም አዲስ አበባ መድረስ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። በዚያ ላይ የዳር እይታ ቀስ ብሎ ስለሚጠፋ ታማሚው አያውቀውም፤ ሲያውቀው «ዓይኔ ደከመ» ብሎ መነጽር ይፈልጋል። ነርቭ ለረጅም ጊዜ ከተጫነ በኋላ ዕጢው ቢወጣም ዓይኑ ላይመለስ ይችላል። በዓለም ላይ ያለ ምርጥ ቀለም ዘግይቶ የመጣን ሰው ዓይን አያበራም።

ስለዚህ ማንኛችንም ልንሠራት የምንችላት ቀላል ፍተሻ እነሆ። ከዘመዳችሁ ፊት ለፊት አንድ ሜትር ያህል ርቃችሁ ተቀመጡ። እሱ አንድ ዓይኑን ይሸፍን፤ እናንተም በትይዩ ያለውን ሸፍኑ። አፍንጫችሁን ብቻ እያየ፣ ከዳር በኩል ጣታችሁን እያወዛወዛችሁ ወደ መሃል አምጡ። እናንተ ያያችሁትን እሱ ዘግይቶ ካየ፣ በተለይ በሁለቱም ዓይኖች በውጭ በኩል ከሆነ፣ ቀን ሳይቆጠር ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ የዓይን ክፍል ያለው ቦሩ ሜዳም ከደሴ ቅርብ ነው። ዱዓውም ሩቃውም አይቅር፤ ግን ከመንገዱ ጋር አብረው ይሂዱ።

ኢማሙል ገዛሊ ረሒመሁላህ በ«ኢሕያእ» ሕክምናን ከፈርድ ኪፋያ ቆጥረውታል። በዘመናቸው ሰው ሁሉ ወደ ፊቅህ ሲሻማ ብዙ ከተሞች ሙስሊም ሐኪም ማጣታቸውንም ወቅሰዋል። ሐኪሙ የሚያይበትን መብራትና ፊልተር የሚሠራ፣ ሲበላሽ የሚጠግን ሰውም የዚያው ግዴታ አካል ነው ብለን እናምናለን። ከቀለሞቹ ሁሉ ርካሹና የታወቀው ፍሎረሲን ነው፤ የጎደለው ብርሃኑን የሚለየው መሣሪያና የሚያውቀው እጅ ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የምትፈልጉ የኤሌክትሪካልና የሜካኒካል ተማሪዎች፣ ከሰማያዊ ኤልኢዲ፣ ከፊልተርና ከተራ ካሜራ በላብራቶሪ ፍሎረሲን የሚያሳይ ቅንብር መሥራት ከአቅማችሁ በላይ አይደለም። ለታማሚ አይቀርብም፤ እናንተን ግን ያስተምራል።

አላህ የታመሙትን ያሽር፤ እኛንም ለሰው ከሚጠቅሙት ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።